ከኮምፒየኝ ጫካ እስከ ቫልዋ ኮረብቶች፦ የ60 ኪሎ ሜትር የብስክሌት ጉዞ ዝርዝር መመሪያ

ኮምፒየኝ ከፓሪስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። የብስክሌት ወዳጅ ስሟን የሚያውቀው በፓሪስ–ሩቤ ውድድር ነው፤ ከ1977 ጀምሮ ውድድሩ የሚነሣው ከፓሪስ ሳይሆን ከዚህች ከተማ ነው። ታዲያ ብዙ ሰው ውድድሩ የሚታወቅበት ያ አጥንት የሚያንቀጠቅጥ የድንጋይ ንጣፍ ከከተማው በር ላይ የሚጀምር ይመስለዋል። አይደለም፤ ንጣፉ የሚጀምረው ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዙ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ የሚወስደው ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ፣ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፦ ከ14,000 ሄክታር በላይ የሆነው የነገሥታቱ የአደን ጫካ፣ ከዚያም ቫልዋ የሚባለው የስንዴና የሹገር ቢት (ስኳር የሚወጣበት የሥር ተክል) አገር፣ ከዚያ ተመልሶ ጫካው። አስፋልት ነው፤ መኪና ጥቂት ነው።

መንገዱ ከባድ አይደለም፤ አታላይ ነው። ከፍታው ከባሕር ጠለል 150 ሜትር አካባቢ አይዘልም፤ ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው ይህ ዳገት ተብሎ አይጠራም። ግን ሸለቆው ውስጥ ይገባል፣ ይወጣል፣ ደግሞ ይገባል። ምክንያቱ መሬቱ ነው፦ ከላይ ጠንካራ የኖራ ድንጋይ እንደ ክዳን ተነጥፏል፣ ከሥሩ አሸዋ አለ። ውሃ አሸዋውን ሲሸረሽር ክዳኑ ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ስለዚህ ዳገቶቹ አጭር ናቸው፣ ጫፋቸው ላይ ግን ድንገት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጉልበት የወጣ ሰው አራተኛው ላይ ብስክሌቱን ሲገፋ ይታያል። ሁለተኛው አታላይ ነገር ጫካው ነው፦ የመንገድ መገናኛዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ጉልበት ሳይሆን የጉልበት አመዳደብና መገናኛ ማንበብ ነው ቀኑን የሚያቃናው።

(ሰዓቱን ሁሉ በፈረንሳይ አቆጣጠር ጽፈነዋል፤ 12 ሰዓት ስንል ቀትር ማለታችን ነው። ወሮቹም የፈረንጅ ናቸው።)

ወቅቱ

ምርጡ ጊዜ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ፣ ከዚያም ሴፕቴምበር ነው። በጁን እስከ ማታ 22 ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ። በዲሴምበር ግን ከ17 ሰዓት በፊት ይጨልማል፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ቀድሞ።

የመኸሩን ጫካ ለቀለሙ ብለው የሚመርጡ አሉ፤ አንወቅሳቸውም። ነገር ግን ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር ሦስት ነገሮች ይደራረባሉ። እርጥብ የዛፍ ቅጠል አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። በኮረብታው ላይ ሹገር ቢት ይነቀልና ትራክተሮች ጭቃውን መንገድ ላይ ያራግፋሉ፤ ጭቃው በዝናብ ሲርስ ከቅጠሉ የባሰ ነው። ሦስተኛው አደን ነው። በፈረስና በውሻ የሚደረገው አደን ከሴፕቴምበር 15 እስከ ማርች 31 ይቆያል፤ ኮምፒየኝ ደግሞ የዚህ አደን ነባር ቦታ ነች። በጠመንጃም ይታደናል። መንገድ ዳር «ሻስ አን ኩር» የሚል ሰሌዳ ካያችሁ «አደን እየተካሄደ ነው» ማለት ነው፤ ከዋናው አስፋልት አትውጡ፣ ደማቅ ልብስ ልበሱ፣ ቀንድ ሲነፋ ወይም ውሻ ሲጮኽ ከሰማችሁ ፍጥነት ቀንሱ። የተባረረ አጋዘን መንገድ ሲሻገር ግራ ቀኝ አያይም፤ ከኋላው ደግሞ ፈረሶቹ ይከተላሉ።

ብስክሌቱ

ተራ የመንገድ ብስክሌት ይበቃል፤ ማርሹን ግን ሳታዩ አትነሡ። የፊት ትንሿ 34 ጥርስ፣ የኋላው ትልቁ 30 ወይም 32 ጥርስ ይሁን። ሒሳቡ ይኸውና፦ በ34/30 ፔዳሉን በደቂቃ 70 ጊዜ ብታዞሩ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ትሄዳላችሁ። ይህ በ7 ከመቶ ዳገት ላይ ትንፋሽ ሳያጥር የሚቻል ፍጥነት ነው። በድሮው 39/25 በዚያው ፍጥነት ለመውጣት ፔዳሉ በደቂቃ 51 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ የጎደለውን የሚከፍለው ጉልበታችሁ ነው።

ጎማ፦ 28 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው፣ ፍሬሙ ከፈቀደ 32 ይሻላል። 23 ሚሊ ሜትር ያለው ሰው ይሄዳል፣ ግን የዛፍ ሥር ባነሣው አስፋልት ላይ እጁ ይደነዝዛል። የነፋሱ ልክ ለ70–75 ኪሎ ሰው እንዲህ ነው፦ በ28 ጎማ የፊቱ 4.5 ባር፣ የኋላው 4.8፤ በ32 ጎማ የፊቱ 3.7፣ የኋላው 4.0። በ10 ኪሎ ክብደት ልዩነት 0.3 ባር ያህል ጨምሩ ወይም ቀንሱ። መንገዱ እርጥብ ከሆነም 0.3 ቀንሱ። ጎማው ጎን ላይና ቸርኬው ላይ ከተጻፈው ጣሪያ ግን አትለፉ፤ ጎማውን የሚይዝ ጠርዝ የሌላቸው አዳዲስ ቸርኬዎች ከ5 ባር በላይ አይችሉም። «ድንጋይ እስኪሆን ንፋው» የሚለው የድሮ ምክር እዚህ አይሠራም፤ የደረቀ ጎማ በሻካራ መንገድ ላይ ይዘላል እንጂ አይሮጥም።

ከኮርቻ ሥር ባለችው ቦርሳ የሚገባው፦ ሁለት ካላማዳሪያ (ቫልቩ ለቸርኬያችሁ የሚበቃ ርዝመት ያለው)፣ ሁለት የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ የአለን መፍቻ ስብስብ፣ ከካቴናችሁ ጋር የሚስማማ አንድ ማገናኛ ቀለበት (የባለ 11 ማርሹ ለባለ 12ቱ አይሆንም)፣ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ቁራጭ። የመጨረሻዋን የሚንቃት ብዙ ነው። የኖራ ድንጋይ አገር ባልጩት አለው፤ ባልጩት ደግሞ ካላማዳሪያውን ብቻ አይበሳም፣ የውጩን ጎማ ጎን ይቀድዳል። ቁራጯ ከሌለች ታጥፎ የገባ የብር ኖትም ይሠራል፤ ወረቀቱ ጠንካራ ነውና ባቡር ጣቢያ ድረስ ያደርሳል።

ፈረንሳይ የምትጠይቀው

የፊት ነጭ ወይም ቢጫ መብራት፣ የኋላ ቀይ መብራት፣ አንጸባራቂዎች፣ ቢያንስ ከ50 ሜትር የሚሰማ ደወል፣ ሁለት የሚሠሩ ፍሬኖች። ከከተማና ከመንደር ውጭ፣ በጨለማ ወይም እይታ ሲቀንስ አንጸባራቂ ሰደርያ ግዴታ ነው። ሄልሜት በሕግ የሚገደደው ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ብቻ ነው፤ እናንተ ግን አድርጉ። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ማዳመጫ ለብስክሌተኛም ክልክል ነው፣ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳትም እንዲሁ።

ሁለት ሆኖ ጎን ለጎን መሄድ ይቻላል፤ ከኋላ መኪና ሊቀድም ሲመጣ ወይም ሲመሽ ግን በአንድ ረድፍ። መኪናው ከመንደር ውጭ 1.5 ሜትር፣ በመንደር ውስጥ 1 ሜትር ርቆ መቅደም አለበት።

ከሌላ አገር የመጣውን ሁሉ የሚያስደነግጠው የቀኝ ቅድሚያ ነው። ምልክት የሌለበት መገናኛ ላይ ከቀኝ የሚመጣው ያልፋል። በመንደር ውስጥ ከጠባብ ቅያስ የሚወጣ አሮጌ መኪና ሳይቆም ቢገባባችሁ ባለጌ ሆኖ ሳይሆን ሕጉ የሱ ስለሆነ ሊሆን ይችላል። ቢጫ የአልማዝ ቅርጽ ምልክት ካያችሁ ቅድሚያው የእናንተ መንገድ ነው፤ ያው ምልክት በጥቁር መስመር ተሰርዞ ካያችሁ ግን ቅድሚያችሁ አበቃ፣ እጃችሁን ፍሬን ላይ አድርጉ።

መድረስ

ከፓሪስ ጋር ዱ ኖር ጣቢያ የሚነሣው የክልሉ ባቡር እንደ ዓይነቱ ከ40 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጅበታል። ብስክሌቱ ሳይፈታ ይገባል፤ ቦታው ግን ውስን ስለሆነ በሥራ ቀን ጠዋትና ማታ የሠራተኛውን ሰዓት ሽሹ። የብስክሌት ሥዕል ያለበትን ፉርጎ ፈልጋችሁ በዚያ በኩል ግቡ፤ የሚንጠለጠል ከሆነ የውሃ ጠርሙሱንና ቦርሳውን አስቀድማችሁ አውርዱ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ከ9 ሰዓት በፊት ኮምፒየኝ መድረስ ምሳውን ፒዬርፎን ላይ ያስገኛል።

ጉዞው፣ በክፍል በክፍል

ዙሩን እንደ ሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሂዱ፦ ምሥራቅ፣ ደቡብ፣ ምዕራብ፣ ከዚያ ሰሜን። ምክንያቱ ነፋስ ነው። በዚህ አገር የሚበዛው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ነው። በዚህ አቅጣጫ ከሄዳችሁ ነፋሱን ፊት ለፊት የምትጋፈጡት ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ነው፤ ያ ክፍል ደግሞ ሸለቆ ውስጥ ስለሆነ የተከለለ ነው። ስትደክሙ ነፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል። የተገላቢጦሽ የሄደ ሰው ገላጣው ኮረብታ ላይ ምን እንደሚያጋጥመው ራሱ ያውቀዋል።

አንደኛ፣ ከጣቢያው እስከ አርሚስቲስ (ተኩስ አቁም) መስክ፣ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ። ጣቢያው ከዋዝ ወንዝ ማዶ ነው፤ ድልድዩን ተሻግራችሁ ወደ ከተማው ትገባላችሁ። ጃን ዳርክ በ1430 የተማረከችው በዚህች ከተማ ቅጥር ሥር ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ወደ ቤተ መንግሥቱ አደባባይ፤ ፓሪስ–ሩቤ የሚነሣው ከዚያ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ወደ ጫካው። ከቤተ መንግሥቱ ጀርባ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ሰፊ የሣር ጎዳና ናፖሊዮን ለሁለተኛ ሚስቱ ለማሪ ሉዊዝ ያስቆረጠው ነው፤ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ይታያል እንጂ በመንገድ ብስክሌት አይነዳም።

ይህ ክፍል ለጥ ያለ ነው፤ ሰውነት ማሟሟቂያ አድርጉት። በጫካው ውስጥ በሚያልፉት የብስክሌት መንገዶች ላይ የዛፍ ሥር አስፋልቱን ከሥሩ አንሥቶታል፤ ጥላ ውስጥ ስለሆነ ከሩቅ አይታይም። ከኮርቻው ጥቂት ከፍ ብላችሁ ክርናችሁን አለስልሱ።

መስኩ ላይ ኖቬምበር 11 ቀን 1918 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ አቁም በባቡር ፉርጎ ውስጥ ተፈረመ። በጁን 1940 ሂትለር በዚያው ፉርጎ ፈረንሳይን አስፈረመባት፣ ፉርጎውንም ወደ በርሊን አስወሰደው፤ በ1945 ጠፋ። አሁን ሙዚየሙ ውስጥ የቆመው የዚያው ዓይነት ሌላ ፉርጎ ነው።

ሁለተኛ፣ እስከ ፒዬርፎን በቪዩ ሙላን በኩል፣ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከኮምፒየኝ ፒዬርፎን በቀጥታ የሚያደርስ ዲ973 የሚባል አውራ መንገድ አለ። ተዉት፤ ቀጥ ያለ ስለሆነ መኪኖች ይከንፉበታል። በሰሜን በኩል ያለው ኤን31ም የከባድ መኪና መንገድ ነው። በቪዩ ሙላን በኩል ያለው ትንሽ መንገድ በሞን ሳን ማር ኮረብታ ግርጌ አልፎ በጅረቱ ሸለቆ ውስጥ ያስገባችኋል፤ ከመንደሩ በኋላ የሳን ፒዬር ኩሬዎች በስተጎን ይታያሉ። ሸለቆው ውስጥ የስልክ ኔትወርክ ሊጠፋ ስለሚችል ካርታውን ከቤት አውርዳችሁ ኑ።

ፒዬርፎን ላይ ድንገት የሚታየው ግንብ የተሠራው በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ነው። በ1617 ፈረሰ፤ ከ1857 ጀምሮ ቪዮሌ ለ ዱክ የተባለው አርክቴክት ለናፖሊዮን ሣልሳዊ መልሶ አቆመው። ስለዚህ «የመካከለኛው ዘመን» እየተባለ ፎቶ የሚነሣው መልኩ ባመዛኙ የ19ኛው መቶ ዓመት ነው። ምሳ እዚህ ብሉ። ወጥ ቤቶቹ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ያስተናግዳሉ፤ 14 ሰዓት ከሩብ ላይ የደረሰ ሰው ቡና ብቻ ይጠጣል።

ሦስተኛ፣ እስከ ሞሪየንቫል፣ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከምሳ በኋላ ወዲያው ዳገት ነው፤ የዙሩ መጥፎ ጠባይ ይህ ብቻ ነው። ከመነሣታችሁ በፊት ማርሹን ወደ ቀላሉ አድርጉ። ዳገቱን ስትጨርሱ ጫካው ያልቅና ገላጣ እርሻ ይከፈታል። ሞሪየንቫል ወደ ሸለቆው ቁልቁል ስትወርዱ ነው፤ ሦስት ግንቦች ያሉት ቤተ ክርስቲያኑ ከሩቅ ይታያል። ከመሠዊያው ጀርባ ያለው ጠባብ መተላለፊያ በ12ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተሠራ ነው፤ ጣሪያውን የሚሸከሙት የድንጋይ ጅማቶች ኋላ ጎቲክ የተባለው አሠራር ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ ናቸው። ለአሥር ደቂቃ ከብስክሌት መውረድ ያስፈልጋል ከተባለ እዚህ ነው።

አራተኛ፣ በኦቶን ሸለቆ እስከ ኦሩዊ፣ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከወንዙ ጋር አብሮ በዝግታ የሚወርድ መንገድ ነው። ተዝናኑበት፣ ብሉ፣ ጠጡ፤ ቀጥሎ ዳገት አለ።

አምስተኛ፣ በሻምፕሊዩ በኩል እስከ ሳን ዣን ኦ ቧ፣ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ። ከኦሩዊ ወደ ሻምፕሊዩ የሚወጣው የቀኑ ሁነኛ ዳገት ነው። ከላይ የሮማውያን ዘመን ከተማ ፍርስራሽ አለ፦ ቲያትር፣ መታጠቢያ ቤት፣ ቤተ ጣዖት። ከዚያ መንገዱ ጫካው ውስጥ ይገባል። ሳን ዣን ኦ ቧ የድሮ የሴት መነኮሳት ገዳም የነበረች መንደር ነች፤ የ13ኛው መቶ ዓመት ቤተ ክርስቲያኗ ውስጡ ብርሃን የሞላበት ነው።

ስድስተኛ፣ ወደ ኮምፒየኝ፣ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሰው የሚጠፋው እዚህ ነው።

የደከመ ወይም የዘገየ ሰው ከፒዬርፎን በቀጥታ ወደ ሳን ዣን ኦ ቧ ይቁረጥ፤ ዙሩ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆንለታል፣ ሁለቱ ክፉ ዳገቶችም ይቀሩለታል።

መገናኛውን ማንበብ

ፍራንሷ ቀዳማዊ በ16ኛው መቶ ዓመት «የንጉሥ ጉድጓድ» ከሚባለው ቦታ ስምንት መንገዶች እንደ ኮከብ ጨረር አስቆረጠ፤ አዳኝ መሀል ላይ ቆሞ አጋዘኑ በየትኛው መንገድ እንደተሻገረ እንዲያይ ነው። ሉዊ 14ኛ ደግሞ ብዙ ጨመረ። ለአዳኝ የተመቸው ይህ ቅርጽ ለመንገደኛ ፈተና ነው፦ ስድስት ወይም ስምንት መንገድ ከአንድ ነጥብ ይወጣል፣ ሁሉም ቀጥ ያለ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ዛፍ የታጠረ። መሀሉን አንድ ጊዜ ከዞራችሁ የመጣችሁበት ይጠፋል።

መፍትሔው እዚያው ቆሟል። በየመገናኛው ነጭ የምልክት ምሰሶ አለ፤ በምሰሶው ላይ ያለችው ትንሽ ቀይ ምልክት ወደ ኮምፒየኝ የሚወስደውን አቅጣጫ ታመለክታለች። ስለዚህ ለመመለስ ካርታም አያስፈልግም፦ በእያንዳንዱ መገናኛ ቆማችሁ ቀዩን ፈልጉ፣ በዚያ በኩል ሂዱ፣ በሚቀጥለው ድገሙ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ምሰሶው የተተከለው ለእግረኛና ለፈረስ ጭምር ነው፤ ቀዩ የሚጠቁመው መንገድ አሸዋ ሊሆን ይችላል። የጫካው አሸዋ ጥልቅ ነው፣ 28 ጎማ ይቀረቀርበታል። አስፋልቱ ካለቀ ወደኋላ አትመለሱ፣ ግን ለመንዳትም አትታገሉ፤ ወርዳችሁ እስከሚቀጥለው መገናኛ ግፉ። አሸዋ ውስጥ የተነዳ ብስክሌት ካቴናውን ይበላል። መኪና እንዳይገባ በእንጨት ወይም በብረት የተዘጋ አስፋልት ግን ለብስክሌት ጸጋ ነው፤ መግቢያውን በጎን እለፉት።

ፈረሰኛ ብዙ ነው። ከኋላ ስትመጡ ደወል አትደውሉ፤ ፈረሱ ይደነግጣል። ከ20 ሜትር ላይ በሰው ድምፅ «ቦንዡር» በሉ፣ ፈረሰኛው ዞር እስኪል ጠብቁ፣ በሰፊው ርቃችሁ በዝግታ እለፉ። መንገድ ዳር የተከመረ ግንድ ላይ አትቀመጡ፤ ክምሩ ይንከባለላል።

ዳገትና ቁልቁለት

እያንዳንዱ ዳገት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግርጌው ላይ ፍጥነት ሳይጠፋ ማርሹን አቅልሉ፤ ካቴናው ተወጥሮ ሳለ የተቀየረ ማርሽ ይንጫጫል፣ አንዳንዴም ይወልቃል። መጀመሪያውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር እየተናገራችሁ መውጣት የምትችሉበት ፍጥነት ያዙ። ጫፉ ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው ያስቀመጣችሁትን የምታወጡት። የኮረብታው አፍ ላይ ስትደርሱ መግፋት አታቁሙ፤ እግር የሚረጋጋው ከላይ በለጥ ያለው ላይ ነው።

ቁልቁለቱ አጭር ስለሆነ ይናቃል። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ጨርሱ፤ መታጠፊያው ውስጥ የውጩን ፔዳል ወደታች ረግጣችሁ ክብደታችሁን እዚያ ጣሉ። ከፀሐይ ወደ ጥላ ስትገቡ ዓይን እስኪለምድ ሁለት ሰከንድ ያህል ትታወራላችሁ፤ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ ከ20 ሜትር በላይ ነው። ጥቁር መነጽር ካደረጋችሁ ጫካው አፍ ላይ አውልቁ።

ምግብና ውሃ

60 ኪሎ ሜትሩ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ሦስት ሰዓት ነው፤ ከማረፊያው ጋር አምስት ወይም ስድስት። በነዳችሁበት ሰዓት ሁሉ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬትና ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። ሩብ ባጌት (ረጅሙ የፈረንሳይ ዳቦ) ወይም ሁለት ትልልቅ ተምር 30 ግራም ገደማ ይሰጣሉ።

ለጾመኛ ጥሩ ዜና አለ። «ባጌት ደ ትራዲሲዮን» የሚባለው ዳቦ በ1993 በወጣ ደንብ የተወሰነ ነው፤ መሠረቱ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ነው። ቅቤ የለበትም፣ ወተት የለበትም፣ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ክሯሳን ግን ቅቤ ነው። ቆሎ በኪስ መያዝ ሸጋ ሐሳብ ነው፣ ነገር ግን ዳገት ላይ እየተነፈሱ ቆሎ መቆርጠም ያንቃል፤ ለማረፊያ አቆዩት፣ ውሃም ጨምሩበት።

ዳቦ ቤት በየመንደሩ አይገኝም፤ ያለውም ብዙ ጊዜ ሰኞ ይዘጋል፣ እሑድ ከቀትር በኋላም እንዲሁ። ስለዚህ ከኮምፒየኝ ስትወጡ ግዙ።

ውሃ ያለቀበት ሰው የመንደሩን መቃብር ስፍራ ይፈልግ። የፈረንሳይ መቃብር ሁሉ ማለት ይቻላል ለአበባ ማጠጫ ቧንቧ አለው። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ከተጻፈበት አትጠጡ፤ «ኦ ፖታብል» ካለ የሚጠጣ ነው። ቆብ አውልቃችሁ ግቡ፣ ብስክሌቱን ከበሩ ውጭ አቁሙ።

ጎማ ሲተነፍስ

ከመንገዱ ውጡ፤ ከመታጠፊያ ጀርባ አትቆሙ። የኋላው ጎማ ከሆነ ካቴናውን ትንሿ ጥርስ ላይ አድርጋችሁ አውልቁ። የጎማውን አንድ ጎን ብቻ አስለቅቁ፤ ማውለቂያውን ከቫልቩ በተቃራኒ በኩል ጀምሩ። ካላማዳሪያውን ስታወጡ ከጎማው ጋር የነበረውን አቀማመጥ አትርሱ፦ ቀዳዳውን ስታገኙ እሾሁ በጎማው ላይ የት እንዳለ ይነግራችኋል።

ከዚያ የሚዘለለው እርምጃ ይመጣል፤ ጎማውን ከውስጥ በጣት ቀስ ብላችሁ ዳስሱ። ባልጩቱ እዚያው ተሰክቶ ከሆነ አዲሱ ካላማዳሪያ አሥር ደቂቃ አይቆይም። ሁለት ትይዩ ቀዳዳ ካያችሁ ግን እሾህ አይደለም፤ ነፋስ አንሶ ጎማው በድንጋይና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጧል ማለት ነው። አዲሱን ጥቂት ነፍታችሁ አስገቡ፣ ጎማውን ከቫልቩ ተቃራኒ ጀምራችሁ ቫልቩ ላይ ጨርሱ፣ በማውለቂያ ሳይሆን በመዳፍ። ከመንፋታችሁ በፊት ዙሪያውን ሁለቱንም ጎን እያያችሁ ካላማዳሪያው በጎማው ሥር አለመቆንጠጡን አረጋግጡ። በትንሽ ፓምፕ 4 ባር ለመድረስ እንደ ፓምፑ 150 ወይም 200 ግፊት ይፈልጋል፤ እስኪሰለቻችሁ ንፉ፣ ከዚያ ትንሽ ጨምሩ።

ከባድ አደጋ ካለ 112 ይደወላል። ጫካ ውስጥ ከሆናችሁ ምሰሶው ላይ የተጻፈውን የመገናኛውን ስም አንብቡላቸው፤ ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ በዚያ ያገኟችኋል።

ማታ ቤት ስትገቡ

የጫካው መዥገር በሣር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ልብስ አውልቃችሁ ከጉልበት ጀርባ፣ ብብት፣ ብሽሽት፣ ከጆሮ ጀርባና የካልሲ ጠርዝ ሥር እዩ። ካገኛችሁ ዘይትም ክብሪትም አትጠቀሙ፤ ፋርማሲ በሚሸጠው ትንሽ መንጠቆ ከቆዳው ሥር ያዙት፣ እያዞራችሁ አውጡት፣ ቦታውን በአንቲሴፕቲክ አጽዱ። ቀኑን ጻፉ። በሚቀጥለው አንድ ወር ውስጥ ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ክብ ከወጣ፣ ባያሳክክና ባያምም እንኳ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱና መዥገር የነከሳችሁበትን ቀን ንገሩት።